ለተርብ ቤት የሚፈልግ ደላላ

ልደት መጀመሪያ የሰማችው ድምፁን ነው። ካርቶኑን ያየችው ከዚያ በኋላ ነበር።

ጊዜው የ2015 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ ነው። ከአሰላ ተዛውራ ጅግጅጋ ከገባች ገና ጥቂት ሳምንቷ ነበር፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነች። አሰላ ላደገ ሰው ብርድ ብርቅ አይደለም። የጅግጅጋው ብርድ ግን ከነፋስ ጋር ተማክሮ ስለሚመጣ ጋቢም ጃኬትም አይበግረውም። ያን ዕለት ጧት ከያዘችው ሆቴል ወጥታ፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ሰው በሚጭን ባጃጅ ገባች። ከጎኗ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የደራረበ ሰው ተቀምጧል። ጭኑ ላይ የፓስታ ካርቶን እንደ ሕፃን ታቅፏል። የካርቶኑ አፍ ላይ ወንፊት ተደፍቶ በሲባጎ ተጠፍሯል። ከውስጡ፣ ከባጃጁ ሞተር ሥር ሥር፣ ቀጭን እምምታ ይሰማል።

ልደት ወሬ ትወዳለች። ዝም ብላ መቀመጥ አልሆነላትም።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ካርቶኑ ውስጥ ምን አለ?"

"ተከራዮች ናቸው" አላት ሰውየው፣ ጎረቤቱን እንደሚያስተዋውቅ ሰው።

"ምን?"

"ተከራዮች። ከአንድ ሱቅ ኮርኒስ አስለቅቄያቸው ወደ አዲስ ቤታቸው እያደረስኳቸው ነው። አይዞሽ፣ ብርዱ ይዟቸዋል።"

አጎንብሳ አየች። በወንፊቱ በኩል ወገበ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ሆዷ ላይ ቢጫ ቀለበት ያላት ፍጥረት ቀስ እያለች ትራመዳለች።

"ተርብ!" ብላ ጮኸች።

ባጃጁ ቀጥ አለ። አንደኛ የወረደው ሾፌሩ ነው፤ ተሳፋሪዎቹን ከነተርቦቹ ጥሎ አስፋልቱን ተሻግሮ ቆመ።

"ጋሽ ተሻለ!" አለ ከማዶ ሆኖ። "ስትገባ ጠይቄህ አልነበረም? 'የፓስታ ነው' አላልከኝም?"

"ካርቶኑን ነዋ የጠየቅከኝ፣ ሪድዋን። ካርቶኑ የፓስታ ነው።"

ልደት በራሷ ተገረመች። መውረድ ሲገባት ሳቋ መጣ፤ ሳቋ ደግሞ አንዴ ከመጣ ቶሎ አይመለስም። ሪድዋን ሳቋን ሲያይ አፈረና ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንገቱን በመስኮቱ በኩል አውጥቶ ነው የነዳው። በመንገድ ላይ ከየት እንደመጣች፣ የት እንዳረፈች ተጠየቀች። ቤት እየፈለገች እንደሆነ ስትናገር ሪድዋን ፊቱን ሳያዞር፣ "እህቴ ኬሪያ ግቢ አንድ ክፍል ባዶ አለ" አላት።

ተሻለ ወደ ልደት ዞረ። "ሰማሽ? እኔ ባልሳፈር አትጮሂም ነበር፤ ባትጮሂ ይህ ልጅ አያወራሽም ነበር። ስለዚህ ቤቱን ያገኘሁልሽ እኔ ነኝ። ደላላ ነኝ።"

"የተርብ ደላላ ነኝ በላት" አለ ሪድዋን አንገቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ።

በዚህ ዓይነት ልደት ቤትም ወዳጅም በአንድ ባጃጅ አገኘች። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከኬሪያ ግቢ አጠገብ ባለው ሻይ ቤት ተሻለን አታጣውም ነበር። እሱ በግመል ወተት የተፈላ ሻሂውን ይጠጣል፣ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱም ያወራል። ጠያቂ ያገኘ ደላላ ደግሞ የት ያቆማል?

ተሻለ ጅግጅጋ ተወልዶ ያደገ ነው። አባቱ በወታደርነት መጥተው፣ ካራማራ ላይ ተዋግተው፣ ጡረታ ሲወጡ "ሚስቴም ጎረቤቴም እዚህ ነው፤ ወዴት እሄዳለሁ?" ብለው የቀሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም ሱማሌኛና አማርኛን እኩል አፉን የፈታባቸው፣ በሁለቱም የሚቀልድ፣ በሁለቱም የሚከራከር ሆኖ አደገ። ጎልማሳ ሲሆን በጅቡቲው ባቡር መስመር ላይ ወዳለችው ቆላ ከተማ አይሻ ወርዶ ባቡር ጣቢያው ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነ።

"ባቡሩ" ይላል ተሻለ፣ "መጀመሪያ በየቀኑ ይመጣ ነበር። ቀጥሎ በየሳምንቱ ሆነ። ኋላማ እንደ ዘመድ ጥየቃ፣ ሲያስበን ብቻ መምጣት ጀመረ። ግምጃ ቤቱ ባዶ፣ እኔ ባዶ። ያን ጊዜ ቀና ስል ጣራው ሥር ተርቦች ቤት ሠርተዋል። ጣቢያው ውስጥ ሥራ ያልፈቱት እነሱ ብቻ ነበሩ! ወንበሬን ወደ እነሱ አዞርኩ።"

ከአሮጌው በር እንጨት እየፋቁ፣ በምራቃቸው እያላቆጡ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ቤት ሲሠሩ አየ። ከየቁጥቋጦው ትል አድነው አላምጠው ልጆቻቸውን ሲያጎርሱ አየ። የጣቢያው አለቃ በችቦ ሊያቃጥላቸው ሲነሣ፣ "ተው፣ እኔ ወደ ሌላ ቦታ አዛውራቸዋለሁ" አለ። ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ጎጇቸውን ሊያወርድ ወጣ።

"አይሻ ላይ ተርብ እንደማይተኛ ማን ይንገረኝ!" ይላል እየሳቀ። "ያ ሙቀት እንኳን ተርብን ድንጋይንም አያስተኛም። ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ባለቤቴ አገሬ በሩን ከፍታ አየችኝና 'ባልየው የሉም፣ ሲመጡ ልንገርልዎት?' አለችኝ።"

ጣቢያው ሲዘጋ ጅግጅጋ ተመልሶ የቤት ደላላ ሆነ። እዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚያማርረው ብርድ ለእሱ ሲሳይ የሆነለት። በጅግጅጋ ጧት ፀሐይ ሳትወጣ ተርብ እግሯን ማንሣት ይሳናታል። ሁሉም ከጎጇቸው ላይ ተጣብቀው ያድራሉ። ጎጆው የተንጠለጠለበትን ቀጭን አንገት በቢላዋ ቆርጦ፣ ቤቱን ከነቤተሰቡ ካርቶን ውስጥ አስገብቶ መሄድ ይቻላል። ጭስ አያጨስባቸውም፤ የተጨሰባት ተርብ ትሸሽና ኋላ ተመልሳ እዚያው ቦታ ትሠራለች ባይ ነው። ተርብ ድምፁን እንደምትለይም ይምላል። ልደት ይህኛውን አላመነችውም፤ ድምፁን የምትለይ ተርብ ጆሮውን ስትነድፈው አይታለችና።

አንድ ሕግ አለው። አዲስ ቤት ሳያገኝ አያስወጣም። "ሰውም ተርብም ሜዳ ላይ አይወረወርም" ይላል። ለአዲሱ ባለቤት ሦስት ጥያቄ ያቀርባል፦ ጥላ አለህ? ውሃ ቅርብ ነው? መድኃኒት ትረጫለህ? ብዙውን ጊዜ ተቀባዮቹ ትል ያስመረራቸው አትክልተኞች ናቸው። ከሰው ኮሚሽን፣ ከተርብ ንድፊያ ይቀበላል። እሱና አገሬ እስከዛሬ የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው። አገሬ ይህን አንሥታ ስትተርበው እሱ ቀድሞ ይስቃል።

ታኅሣሥ ገባ። የኬሪያ ግቢ ሠርግ ሸተተው። ትልቋ ልጇ ሀምዲያ ለኤረር ሰው ታጭታ፣ ሙሽራውና ዘመዶቹ ሐሙስ ቀትር ላይ ሊመጡ ቀጠሮ ተይዟል። ድስቱ በኪራይ መጥቷል፣ ሩዙ ተለቅሟል፣ በጎቹ ታስረዋል። የቧንቧው ውሃ ደግሞ ሠርግ ያየ ይመስል በዚያው ሳምንት ጠፋ።

"ይጥፋ" አለች ኬሪያ፣ ሳትደነግጥ። "ብርካዬ ሙሉ ነው።"

ብርካ ግቢው ውስጥ ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ የክረምቱን ዝናብ ከጣራ ተቀብሎ ለበጋ የሚያቆይ ጉድጓድ ነው። የላሜራ ክዳኑ ከክረምት ወዲህ አልተነሣም ነበር። ረቡዕ ጧት ሀምዲያ ባልዲ ይዛ ሄደች፤ ክዳኑን ገለጥ አደረገች፤ ወዲያው ባልዲው በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ሮጡ። ከክዳኑ ሥር የሰሐን ስፋት ያለው የተርብ ጎጆ ተንጠልጥሏል። ሙሽሪት ከንፈሯ ላይ ተነድፋ ቀረች።

"እዩ፣ እዩ!" ብላ አለቀሰች መስተዋት እያየች። "ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የግመል ከንፈር!"

ሪድዋን ከባጃጁ የቤንዚን ጀሪካን አውጥቶ መጣ። "ደፋ አድርጎ ክብሪት መጫር ነው። አለቀ።"

"ውሃዬ ላይ ቤንዚን?" አለች ኬሪያ ከፊቱ ቆማ። "ለኤረሮች ሩዝ በቤንዚን ልቀቅልላቸው?"

"ታዲያ ምን ይሁን? በተርብ ተከቦ ማን ይቀዳል? ነገ እኮ ነው የሚመጡት!"

ኬሪያ ወንድሟ ልክ እንደሆነ ታውቃለች። ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧው በደረቀበት ሳምንት የውሃ ቦቴ ማግኘት ደግሞ ዕድል ነው። ቤንዚን ካልነካው ብርካው ውስጥ ለሠርጉም ለበጋውም የሚበቃ ውሃ አለ። ቤንዚን ከነካው ጠብታ የለም። ልደት ነች መካከል የገባችው።

"እትዬ ኬሪያ፣ ለጋሽ ተሻለ ልደውልለት።"

ኬሪያ ብርካውን አየች፣ ጀሪካኑን አየች። "እስከ ነገ ፀሐይ መውጫ" አለች። "ያኔ ካልሄዱ ሪድዋን የፈለገውን ያድርግ፤ እኔም ቦቴ ፍለጋ እዞራለሁ።"

ተሻለ ስልኩን አንሥቶ ሁሉን ከሰማ በኋላ፣ "እመጣለሁ፤ ብቻ በአንድ ቀን ቤት ማግኘት አለብኝ" አለ። ድምፁ ውስጥ የተጨነቀ ደላላ ነበረበት።

ሐሙስ ገና ሳይነጋጋ ከች አለ፤ የባጃጅ ሸራ እንደ ካባ ደርቦ፣ የሞተር ብስክሌት ቆብ ደፍቶ። ጎጆው ካሰበው በላይ ትልቅ ስለነበር ሰፊ ካርቶን ተፈለገ፤ ለሰፊው ካርቶን ወንፊቱ ጠበበ። ሀምዲያ ከሠርግ ዕቃዋ ውስጥ አንድ ስስ ሻሽ አውጥታ ሰጠችው። "ከንፈሬን ወስደዋል፤ ሻሼንም ይውሰዱ" አለች። ተሻለ ክዳኑን ቀስ ብሎ ገለበጠው፤ ተርቦቹ በብርድ ተኮራምተው ተደራርበዋል። ቢላዋው አንዴ ሄደ፣ ጎጆው ካርቶን ውስጥ ገባ፣ ሻሹ ታሰረ። ሪድዋን እንኳ፣ ከነጀሪካኑ፣ "ማሻአላህ" አለ።

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን የግቢው በር ተንኳኳ።

የገባችው ኤዶ ዴቃ ነች። ኤዶ በሱማሌኛ አክስት ማለት ነው፤ በሰፈሩ ሁሉም እንዲያ ይጠሯታል። ካራማራ ሥር ጥቅል ጎመንና ቲማቲም ታለማለች። "ነበድ ተሻለ! ማርቲዎቼ የታሉ?" አለች። ነበድ ሰላምታ ነው፤ ማርቲ ደግሞ እንግዳ ማለት። ከኋላዋ ደግሞ ጋሪ የሚገፉ ሰው ተከትለው ገቡ፤ የቤተ ክርስቲያን አትክልተኛው ጋሽ ራጉኤል ናቸው።

"የማን እንግዳ ናቸው የኔ እመቤት?" አሉ ራጉኤል፣ ጋሪያቸውን እያቆሙ። "እነዚህ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጡ ተርቦች ናቸው።"

ልደት የተሻለን ፊት አየች። አንድ ቤት ለሁለት ሰው አከራይቶ የተያዘ ደላላ ፊት ነው።

"ማታ ለሁለታችሁም ደወልኩ" አለ፣ ቆቡን አውልቆ። "አንዳችሁ 'ላስብበት' ትላላችሁ ብዬ ነበር። ሁለታችሁም እሺ! በድለላ ዘመኔ ለተርብ እንዲህ ያለ ግፊያ አላየሁም።"

"እንግዳ ይሰጥና ይነጠቃል እንዴ?" አለች ዴቃ።

"ለእግዚአብሔር ቤት የተባለስ ይነሣል?" አሉ ራጉኤል።

ፀሐይዋ በዚህ መካከል በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ካርቶኑ ሞቅ ሲለው ማንጎራጎር ጀመረ። ወደ ጥላ አሸሹት፤ ጥላውም እያጠረ ከሥሩ ሄደ። አንዲት ተርብ ከሻሹ ሥር አንገቷን አሠገገች።

"ፍጠኑ" አለ ተሻለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ተርብ አንዴ ከሞቃት፣ ሻሽ አያቆማትም። እዚህ ከበረሩ ወደ ብርካው ነው የሚመለሱት።"

"እኔ ዝግጁ ነኝ" አለ ሪድዋን፣ ጀሪካኑን እየመታ።

ኬሪያ ሁለት ባልዲ ገልብጣ መሬቱን መታች። "ቁጭ በሉ! ልጄን ለኤረሮች ስሰጥ እንኳ እንዲህ አልተሟገትንም። ሽምግልና ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ቶሎ!"

ዴቃ ተቀመጠች። "ትሉ ጎመኔን ጨረሰው። ትናንት ተሻለ ይመጣሉ ሲለኝ፣ ማርቲ አለብኝ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ባዶ እጄን ብገባ ምን ይሉኛል? 'የዴቃን እንግዳ ቀሟት' አይሉም?"

ራጉኤልም ተቀመጡ። "የእኔ ጎመን ለነዳያን ምሳ የሚሄድ ነው። ትሉ እየቀደማቸው ይበላል። ይህ ነው ፍርድ?"

ሁለቱም እውነት አላቸው። ኬሪያ ወደ ልደት ዞር አለች፤ ልደትም እሑድ እሑድ የሰማችውን ሁሉ በልቧ ስታገላብጥ ቆይታለች።

"ጋሽ ተሻለ፣ ሦስተኛዋን ጥያቄ ጠይቀሃቸዋል?"

ተሻለ ግንባሩን መታ። "ውይ! ለጥላና ለውሃ ስቸኩል… መድኃኒት! መድኃኒት ትረጫላችሁ?"

"እንግዳ ጠርቼ መርዝ እረጫለሁ?" አለች ዴቃ።

ራጉኤል ሰማዩን አዩ፤ ቀጥሎ ጫማቸውን። "ትንሽ። ማክሰኞ ዕለት። ጠርዝ ጠርዙን ብቻ።"

"ጠርዝ ጠርዙን ብቻ?" አለች ኬሪያ።

"መሐሉንም" አሉ ራጉኤል።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ራሳቸው ራጉኤልም መጨረሻ ላይ ሳቁ። "በቃ፣ ዴቃ ይውሰዱ። ግን ባዶ ጋሪ ገፍቼ አልመለስም። እነዚህ ሴት ልጅ ይወልዳሉ አይደል? ወጥታ ጎጆ የምትቀልስ የመጀመሪያዋ ለእኔ ናት።"

"ወላሂ ላንተ ናት! እስከዚያ መርዝህን ከጣልክ" አለች ዴቃ፣ እጇን ዘርግታ። ራጉኤል ጨበጧት።

"ተዳረች!" አለች ኬሪያ። ሩዝ ሊቀቅሉ የመጡት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። እልልታው ከአጥር ሲያልፍ ጎረቤቱ ሁሉ ኤረሮች ማልደው የገቡ መስሎት፣ ገሚሱ ጫማውን ሳያደርግ፣ እየሮጠ መጣ። ደርሶ ያገኘው በሙሽራ ሻሽ የታሰረ ካርቶን ነው።

ለመሳቅ ግን ጊዜ አልነበረም። ተሻለ ካርቶኑን አቅፎ ባጃጁ ውስጥ ገባ፣ ዴቃ ተከተለች፣ ልደትም ሳትጠራ ገባች። ሪድዋን ነዳጁ እንዳለቀ ያወቀው ያኔ ነው። ለእሳት ያመጣውን ቤንዚን የባጃጁ ነዳጅ ጋን ውስጥ ገለበጠና፣ አንገቱን እንደ ልማዱ ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ወደ ካራማራ በረረ። ዴቃ ማሳ ጠርዝ ላይ ባለችው የዕቃ ማስቀመጫ ጣራ ሥር ተሻለ ጎጆውን በሽቦ ሲያንጠለጥል ተርቦቹ ነቅተው ነበር። አንዷ አውራ ጣቱን ነደፈችው። "ኮሚሽኔን ተቀበልኩ" አለ።

ሲመለሱ ውሃው እየተቀዳ፣ ድስቱ እየፈላ ነበር። ኤረሮችም በሰዓታቸው ገቡ። ሀምዲያ ከንፈሯን በሌላ ሻሽ ሸፈን አድርጋ ወጣች፤ ሴቶቹ በዓይናፋርነቷ ሲያወድሷት ልደት ምሳዋን እየበላች ሳቋን መዋጥ አቅቷት ወደ ጓዳ ሸሸች።

ከሰዓት በኋላ ተሻለ ሊሄድ ሲነሣ አንዲት ተርብ ብርካው ዙሪያ ስትዞር ታየች። ሪድዋን ከወንበሩ ተነሣ።

"ተው፣ እሷ ውጭ አድራ የመጣች ናት" አለ ተሻለ። ከሠርጉ ብርጭቆ አንዱን ደፍቶ ያዛት፤ ወረቀት ከሥር አስገባ፤ በሌላ እጁ ኬሪያ የቋጠረችለትን ሥጋ ይዞ ወጣ። ልደት እስከ በር ሸኘችው። ነገ ለዴቃ እንደሚያደርሳት ነገራት። ጥቂት እንደሄደ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ቆመ።

"ልደት! ክዳኑ ጥግ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ለኬሪያ ነግረሽ በሲሚንቶ አስደፍኛት። እነዚህ ባዶ ቤት ካዩ እኔን ሳያማክሩ ነው የሚገቡት።"